የሃርላን ታንከር

«ይሄን ሁሉ ድንች ማን ሊበላው ነው?» አለች ኦፓል ራስሙሰን።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ከምድጃው እስከ መስኮቱ ድረስ በአይብ የተጋገረ ድንች ተደርድሯል። በትንሿ ከተማቸው በኮርቤት ሰው ሲሞት ሁሉም ቤት ይህንኑ ጋግሮ ይመጣል፤ ዕቃው እንዳይጠፋበትም ከሥሩ ስሙን ይለጥፋል። ኦፓል አንዱን ትሪ ከፍ አድርጋ ከሥሩ አነበበች። የማክሲን ነው።

«አንቺ ጨው ታበዣለሽ። ሃርላን አይነካውም» አለች።

ማክሲን ከልጅነቷ ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ትሪውን ቀስ አድርጋ ከእጇ ወሰደችው። «እሺ የኔ እህት። ነይ አረፍ በይ።»

ኦፓል ያፏን ቃል የሰማችው ያን ጊዜ ነው። አይነካውም። እንደሚመጣ ሰው፣ እንደሚርበው ሰው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ የተቀመጡትን እጆቿን ማየት ጀመረች። ከትናንት ጠዋት አንስቶ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰዎቹ እያቀፉ ያለቅሱላታል፤ እሷ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገች ታጽናናቸዋለች።

ትናንት ጠዋት የተጣሉት በቲማቲም ነበር። ባሏ ሃርላን ሳንድዊቹ ውስጥ ቲማቲሙ ዳቦውን ያረጥብብኛል፣ ለብቻው ጠቅልይልኝ አለ። እሷ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ስትበላው ኖረህ ዛሬ ነው የረጠበብህ አለችው። በሩን ሳይገጥም ወጣ። ረፋዱ ላይ የሃርላን ጓደኛ የክላይድ መኪና ደጅ ላይ ቆመ። ክላይድ ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ግን ወደ ቤቱ አልመጣም። እዚያው መኪናው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ሃርላን መሰላል ላይ ሆኖ የአሮጌ አውሮፕላኑን ሞተር እየነካካ ሳለ ነው የወደቀው። ልቡ ነው አሉ፤ መሬት ሳይደርስ አልቋል አሉ።

ከሳሎኑ የወንዶች ሹክሹክታ ይሰማል።

«ብረት ገዢው ከቢሊንግስ ደውሎ ነበር።»

«አሁን? በዚህ ሰዓት?»

«ምን ያድርግ፣ የአውሮፕላን ሜዳው በወሩ መጨረሻ ይጽዳ ተብሏል። ለሃርላን ከነገሩት ሰንብቷል። እሷ አታውቅም መሰለኝ።»

ኦፓል ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። ክላይድ የቡና ሲኒውን እንደያዘ ደነገጠ።

«ይምጣ» አለች። «ዓርብ ከቀብር በኋላ ይምጣና ቆራርጦ ይውሰዳት።»

«ኦፓል፣ እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ አይወሰንም።»

«ወንድሜን ዱዌይንን የበላችው የዚያች አውሮፕላን እህት ናት። ሃርላንን እሷ በላችው። ከዚህ ቤት ሌላ የምትበላው ሰው አልቀረም። ደውልለት።»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምንጣፉን ያይ ጀመር።

*

የኮርቤት አውሮፕላኖች መጀመሪያ የባህር ኃይል ቦምብ ጣዮች ነበሩ፤ አራት ሞተር ያላቸው፣ ረጅም ጭራ ያላቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የተሠሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ የሚፈልጋቸው ጠፋ። ኋላ ጠመንጃዎቻቸው ተነቅለው፣ ቦምብ የሚጫንበት ሆዳቸው ውስጥ ትልልቅ ጋን ገባ። ጋኑ የሚሞላው ውሃ፣ ማዳበሪያና ቀይ ቀለም የተደባለቀበት ነገር ነው። የኮርቤት ሰው ጭቃው ይለዋል። በጋ በመጣ ቁጥር የቢግሆርን ተራራ ጫካዎች ሲነዱ እነዚያ ታንከር የሚባሉ አውሮፕላኖች ከኮርቤት ሜዳ እየተነሱ ከእሳቱ ፊት ፊት ጭቃውን ያፈሱ ነበር። ልጆች በሞተሩ ድምፅ ብቻ የትኛዋ እንደተነሳች ይለያሉ።

ሃርላንና የኦፓል ወንድም ዱዌይን አብራሪዎች ነበሩ። አንድ ነሐሴ ላይ ዱዌይን ጭቃውን አፍስሶ ከሸለቆው ሲወጣ የአውሮፕላኑ ክንፍ ከሥሩ ተሰበረ። ሃርላን ከኋላው ይመጣ ስለነበር ሁሉንም አይቷል። ያየውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

በዱዌይን ለቅሶ ቀን ኦፓል ባሏን በጥቁር ልብሱ ኮሌታ ይዛ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አስጠጋችው።

«ማልልኝ።»

«ኦፓል፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። እግርህ ከመሬት ላይነሳ ማልልኝ።»

ማለላት። ከዚያ በኋላ ሃርላን ሞተር የሚፈታ፣ ጭቃ የሚያደባልቅ፣ ሌሎች ሲበሩ ሜዳው ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ሆነ። ኦፓልም በየበጋው እንቅልፍ አገኘች። ዓመታት አልፈው አሮጌዎቹ ክንፋቸው አይታመንም ተብሎ ሁሉም ከሥራ ሲወጡና አንድ በአንድ ሲቆራረጡ፣ የመጨረሻዋን ሃርላን ገዛት። «አትበርም፤ ቆማ እንድትቀር ብቻ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜውም እሑዱም የአውሮፕላኗ ሆነ። ዕቃ ፍለጋ ከክላይድ ጋር የገበሬ ጎተራ ሁሉ በረበሩ። አንዴ የአፍንጫዋን መስታወት ዶሮ ቤት ላይ ተገጥሞ አገኙትና ለዶሮዎቹ አዲስ መስኮት ሠርተው ወሰዱት።

ከሙዚየም የመጡ ሰዎች እንውሰዳት፣ ግን በጦርነቱ ጊዜ እንደነበረችው ሰማያዊ እንቀባታለን ሲሉት ሃርላን ከሜዳው አባረራቸው። ማታ እራት ላይም ቁጣው አልበረደም ነበር። «ጦርነት ላይ የቆየችው ጥቂት ወር ነው። ዕድሜዋን የጨረሰችው እሳት ላይ ነው። ሰው የሚዘከረው በጨረሰው ነው ወይስ በጀመረው?» ኦፓል ድንቹን እያቀበለችው፣ «ሰው አይደለችም፤ ብላ» አለችው።

*

ሐሙስ ከሰዓት አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሆኖ ሰው ሲሰናበተው ዋለ። ከሥር ባለው አዳራሽ ቡናው በትልቁ ማፍያ ቀርቧል፤ ሴቶቹ ሳንድዊች ይቆርጣሉ። ኦፓል ወንበር ላይ ሆና የሚመጣውን ሁሉ ትጨብጣለች። አመሰግናለሁ ትላለች። ማንን እንደጨበጠች ግን አታውቅም።

አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ከሚስቱ ጋር ፊቷ ቆመ። ሚስትየዋ የታጠፈ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛለች።

«ወይዘሮ ራስሙሰን፣ ዌስሊ እባላለሁ። የክሮው ነገድ ሰዎች ነን፤ ከተራራው ማዶ ነው የመጣነው። ባልዎ ነፍሴን አትርፎልኛል። የኔን ብቻ ሳይሆን የጓደኞቼን ሁሉ።»

ኦፓል ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ተሳስተህ ነው ልጄ። እሱ መካኒክ ነበር። ወንድሜን ማለትህ ይሆናል።»

«ወንድምዎ ያረፉት ከዚያ በፊት ነው፤ አውቃለሁ። እኔ የምለው ሃርላን ራስሙሰንን ነው። ከላያችን ሲያልፍ ፊቱን አይቻለሁ።»

ቡናውን በማንኪያ የሚያማስል እጅ ሁሉ ቆመ። ኦፓል ዞር ብላ ሰዎቹን አየች። ፓስተሩ ሲኒው ውስጥ ያያል። የፖስታ ቤቷ ሴት የሹራቧን ቁልፍ ትነካካለች። ክላይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። አንድ ሰው እንኳን ግር ያለው፣ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያኔ ገባት። ይህን ሰው የሰማ ሁሉ የሚያወራውን ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ማክሲን» አለች፤ ድምጿ ከሌላ ክፍል የመጣ መሰላት። «አንቺም?»

ማክሲን የሳንድዊቹን ቢላዋ አስቀመጠች። «ለምኖን ነው ኦፓልዬ። በር በራችን ላይ እየመጣ ለምኖን ነው።»

«ማን?»

«ሃርላን።»

ኦፓል ወደ ዌስሊ ተመለሰች። «ንገረኝ።»

ዌስሊ ሚስቱን አየት አደረገና ተናገረ። ያኔ ጢሙ ገና ያልወጣ ጎረምሳ ነበር፤ ከመንደሩ ልጆች ጋር እሳት ለመከላከል ተቀጥረው አንድ ገደል ውስጥ ነበሩ። ነፋሱ ዞሮ እሳቱ ከታችም ከላይም ያዛቸው። ታንከሮቹ መጥተው ነበር፤ ጢሱ ስላላሳያቸው ተመለሱ። አለቃቸው ሬዲዮኑን ጥሎ ጸሎት ጀመረ።

«ከዚያ አንዷ ብቻዋን መጣች። ከዛፎቹ ጫፍ በታች ነው የመጣችው፤ ሆዷ ላይ ያለው ብሎን ይቆጠር ነበር። ጭቃው ጣለኝ፤ መልሼ ስነሳ ዓይኔ ሁሉ ቀይ ነው። አበቃ፣ ሄደች ስንል ተመልሳ መጣች። ግማሹን አስቀርቶልን ነበር። ሁለተኛውን መውጫችን ላይ አፈሰሰውና በዚያ ላይ ሮጠን ወጣን። በነጋታው ላመሰግነው ሜዳው ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ ያገኘሁት ሰው፣ ‹ማመስገን ከፈለግህ ዝም በል፤ ሚስቱ እንዳትሰማ› አለኝ። ዝም አልኩ። አሁን ግን እሱ ከሌለ ለማን ስል ልደብቅ ብዬ...» ዙሪያውን አየ። «አልነገሩዎትም እንዴ እስከ ዛሬ?»

ኦፓል ከወንበሯ ተነሳች። ሚስትየዋ በእነሱ ዘንድ የክብር ስጦታ የሆነውን ብርድ ልብስ ዘርግታ ትከሻዋ ላይ አለበሰቻትና ጫፉን ደረቷ ላይ አገጣጠመችላት። ኦፓል እንደተተከለ እንጨት ቆመች።

አንድ ማታ ትዝ አላት። ሃርላን ከሥራ ገብቶ ሳትጠይቀው ሳህን ማጠብ ጀመረ። አጥቦ የማያውቅ ሰው። አንዱ ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። ቤንዚኑ ነው፣ ሲሸተኝ የዋለው ነው አላት። እሷ ደግሞ ምን ነካህ ዛሬ ብላ ሳቀችበት። ከት ብላ ነበር የሳቀችው።

*

ዓርብ ቀበሩት። ነፋሱ የፓስተሩን ቃል እየነጠቀ ወደ ሜዳው ይዞት ሄደ። ሁሉም ወደ አዳራሹ ሲያመራ ኦፓል የክላይድን መኪና በር ከፍታ ገባች።

«ወደ ሜዳው» አለች።

መንገዱ ሲጋመስ ክላይድ ሳትጠይቀው ማውራት ጀመረ። ያን ቀን የአንዷ አውሮፕላን አብራሪ ትኩሳት ይዞት ያስመልሰው ነበር። ረዳቱ ገና ልጅ ነው፤ ብቻውን አይችልም። ሬዲዮኑ ክፍት ስለነበር የገደሉ ውስጥ ድምፅ ሁሉ ይሰማል። ሃርላን የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠና አውሮፕላኗ ላይ ወጣ።

«ምንም አላለም?»

«‹ኦፓል እንዳትሰማ› አለ። ሌላ አላለም። ሲመለስ ጎማው ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። ‹ማልኩላት እኮ፣ ማልኩላት እኮ› ይላል። ልጆቹ ተርፈዋል ብለው ሲነግሩት እንኳን አልሰማም። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልበረረም፤ እውነቴን ነው።»

«አሁንማ ማን ያምንሃል?» አለች ኦፓል።

የብረት ገዢው መኪና ቀድሟቸው ደርሷል። ሰውየው የመቁረጫውን ጋዝ አውርዶ አውሮፕላኗን እየዞረ ያያታል። ኦፓልን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። «ሐዘንዎን ሰምቻለሁ እመቤት። አልቆይም፤ ከክንፏ ነው የምጀምረው።»

«ዕቃህን መልሰህ ጫን።»

«እንዴት? ደውለው ና ብለውኝ አይደል?»

«ብዬህ ነበር። አሁን ሂድ እያልኩህ ነው። ሜዳው ይጽዳ ካሉ እኔ ግቢ ትቆማለች፤ አጥሩን አፈርሳለሁ።»

ክላይድ እየተቻኮለ ከጎኗ ደረሰ። «ይቅር አልሽው ማለት ነው?»

«ማን ነው ያለህ?» ብላ ዞረችበት። ፊቷ ቀልቷል። «የምጣላው ሰው አለኝ ክላይድ። ሌላ የት ሄጄ ልጣላው? መቃብሩ ላይ? ሰው ሁሉ እያየኝ?»

ከሆዷ ሥር ባለችው ትንሽ በር ጎንበስ ብላ ገባች። ዱዌይን ከሞተ ወዲህ ከእነዚህ አውሮፕላኖች ወደ አንዱም ገብታ አታውቅም። ውስጧ ዘይትና የጋለ ቆርቆሮ ይሸታል። በቀጭኗ መተላለፊያ፣ የጭቃውን ጋን እየታከከች፣ የለቅሶ ጫማዋ እየተንሸራተተ ወደ ፊት ሄደች። የአብራሪው ወንበር ለረጅም እግር ተብሎ ወደ ኋላ ተስቧል። ተቀመጠችበት። እግሯ ፔዳሉ ላይ አልደረሰም። በመስታወቱ የምትታየው ሰማይ ብቻ ናት፤ መሬቱ የለም።

«ውሸታም» አለች።

ተነስታ ወንበሩን በመዳፏ መታችው። አቧራው ቦነነ። ደግማ መታችው፤ እጇ እስኪያቃጥላት ድረስ መታችው፤ ከደረቷ የማታውቀው ድምፅ ወጣ። ከዚያ ያ ያመማት እጇ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረ። የመታችውን ቦታ ቆዳው ወደነበረበት እስኪመለስ ቀስ እያደረገች፣ የተጨማደደ የሸሚዝ ጀርባ እንደምታቃና ሆና ደባበሰችው።