ጠበቅ ያለው ዘሩ፣ ላላ ያለው ዘሩ

«አቁሙ! ዘፈኑን ደግሞ አበላሻችሁት» አለች ንግሥቴ፣ ከዳጉሳው መካከል ወገቧን ይዛ እየተነሣች። «ላይኞቹ አጥብቁት፣ ታችኞቹ ላላ አድርጉት አልኩ። ድንጋይ ተሸከሙ አላልኳችሁ!»

ደቦ የወጡት ሴቶች ጭቃው ላይ አጎንብሰው አረም ይነቅላሉ። ጣሊያን ቡሬ ከሰፈረ ሁለተኛው ክረምት ነው፤ የሚስቅ ጥርስ ያለው ሰው ጠፍቷል። የእማዋይሽ ልጅ ዘሩ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ ሞቶ እዚያው የሰው ማሳ ላይ ቀርቷል። የባንዳው አለቃ ክንዱ ደግሞ «ለሽፍታ ያለቀሰች ቤቷ ይቃጠላል» ብሎ አስለፍፏል። ልጅ ሞቶ ስሙ እንኳ ሳይጠራ! እናቲቱ ውሃም አልወርድላት ብሏል።

ንግሥቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ድምፅ ግን ታውቃለች። በሰርጉም በልቅሶውም ዐርባ ዓመት ሙሉ እሷ ስታወርድ ሌላው ሲቀበል ኖሯል። «ዘሩ» ሲጠብቅ፣ ሰዎቹ ዘር በተኑ ማለት ነው። ሲላላ የሞተው ልጅ ነው። እንግዲህ ግማሾቹ ከላይ በቀጭኑ ያጠብቃሉ፣ ግማሾቹ ከሥር በወፍራሙ ያላላሉ። ከዳር ለሚሰማ የአረም ዘፈን ነው፤ መካከል ላለችው እናት ልቅሶ።

«እኔስ፣ እሜቴ?» አለች እማዋይሽ።

«አንቺ እረሚ። አፍሽን ስትከፍቺ እንባሽ ይቀድማል፤ ሁላችንንም ታስፈጂናለሽ።»

«ጨካኝ ነዎት።»

«ነኝ። እረሚ።»

እንደገና ሲጀምሩ ክንዱ ጠመንጃውን አንግቶ ከማሳው ዳር ደረሰ።

«ዘሩ፣ ዘሩ የምትሉት ማንን ነው?»

«ዳጉሳ የዘሩትን ነዋ! አባትህ እርሻ ሳያሳይህ ነው እንዴ የሞተው?»

«ምላስዎ አያረጅም።»

«ጉልበቴ አርጅቶልሃል፤ ምላሴን ተወው።»

ክንዱ አልሳቀም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «በሉ ዝፈኑት፤ ልስማው።»

ንግሥቴ አወረደች።

«ዘሩ ከማሳው ላይ፣ ዘሩ ከማሳው፣
አረም ሳይውጠው ማን ገብቶ ያንሳው።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። ሁሉም አጠበቁ። ፍርሃት ታችኞቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ጎትቶ ወሰዳቸው፤ የሟቹ እህት የሸጋዬ ድምፅ እንኳ ቀጥኖ ከላይኞቹ ጋር ተሰማ። ባዶ የአረም ዘፈን! እማዋይሽ እጇ አረሙ ላይ ቆመ። ቀና ብላ ንግሥቴን አየቻት። አልለመነችም፤ አየቻት ብቻ።

ንግሥቴ ነገሩን መዘነችው። አውራጅ ሆና ብታላላው ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ይሰማል፤ ያው ሙሾ ነው፣ ያው እሳት ነው። ከሥር መግባት የሚችል ተቀባይ ብቻ ነው። ተቀባይ! እሷ ንግሥቴ፣ የማንን አፍ ተከትላ?

«ሸጋዬ፣ አንቺ አውርጂ» አለች።

«እኔ? እርስዎ እያሉ?»

«ጉሮሮዬ ደርቋል። አጥብቀሽ አውርጂ።»

ጭቃውን እየረገጠች ሄዳ ከእማዋይሽ አጠገብ ተንበረከከች። ሸጋዬ አወረደች፤ ላይኞቹ አጥብቀው ተቀበሉ። ንግሥቴም አንገቷን ደፍታ፣ ከሁሉም ሥር፣ በወፍራሙ አላልታ ተቀበለች። ከዚያ እማዋይሽን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«በይ አንቺም» አለቻት።