ያልተለካችው ዘማሪ

«በጓሮ በር ነው የምትገባው፤ ያላየሁ እንደሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው» አለች አክስት። ትናንት ለጎረቤት፣ ጠዋት ለአትክልት ሻጯ ነግራለች። አሁን ደግሞ ከስፌት መኪናው አጠገብ ዱካ ስባ ተቀምጣ ለእህቷ ልጅ፣ ለልብስ ሰፊዋ ትደግመዋለች። «አመሻሽ ላይ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ሹልክ። ወፊት ናት፤ ሌላ ሰው አይደለችም።»

ወፊት የሚሏት የጸሎት ቤቱን መዘምራን የምትመራውን ልጅ ነው። ገባችበት የተባለው ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ የተከፈተው ቤቲንግ ቤት ነው፤ ጎረምሶች ቀኑን ሙሉ በኳስ ግጥሚያ ሲወራረዱበት የሚውሉት።

«ወሬ ሲነግሩሽ ሐሳብ ጨምሪበት ይባላል እኮ፣ አክስቴ።»

«እኔ ወሬ አላወራም። ያየሁትን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ያንን ቤት ለማዘጋት ያልረገጠችው ቢሮ የለም። አባቷ ካርታ ተጫውተው የእናቷን የስፌት መኪና ለሰው ሲያስረክቡ በዐይኗ ያየች ናት፤ ቁማር ቤት እንደሚያፈርስ ከማንም ስብከት አልተማረችውም። እሑድ ዕለት በጸሎት ቤቱ ማይክ «ያንን ደጃፍ የረገጠ የእኛን ምንጣፍ አይርገጥ» ስትል ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቅንቀውላታል። ታዲያ ምንጣፉ ላይ ከፊት የምትቆመው ወፊት ከሆነች ምን ይባላል?

በዚያ ጸሎት ቤት ከመዘምራን የሚቀነስ ሰው በቃል አይባረርም። ሽማግሌዎች ለብቻው ያነጋግሩታል፤ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ አዲስ ቀሚስ ሲሰፋ ሳይለካ ይታለፋል፣ አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሽማግሌ አልጠበቀችም። ሜትሩ ያለው እሷ እጅ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በልምምድ ክፍል ሴቶቹ ተሰለፉ። «ሆድሽን አትሳቢ፤ የምሰፋው ለምትተነፍስ ሴት ነው» ስትል ሳቁላት። የወፊት ተራ ደረሰ። ወፊት እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችና «ቀጣይ» አለች።

ወፊት እጆቿን ቶሎ ማውረድ አልቻለችም።

«ዘለልሽኝ እኮ፣ እህቴ።»

«በየት በር እንደምትገቢ ታውቂዋለሽ።»

«እሱንማ ዛሬ ልነግራችሁ…»

«ምንም አትንገሪን።»

ወፊት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከኋላ አንዷ «ሽማግሌዎቹ አነጋገሯት እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ልብስ ሰፊዋ «ለዚህ ደግሞ ምን ሽማግሌ ያስፈልጋል» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

እቤቷ ገብታ ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሱ አልታዘዛት አለ። የጽድቅ ሥራ የሠራ ሰው እህል ይበላል፤ እሷ ግን እራቷን ሳትነካው አነሣችው። አየር ላይ የቀሩት ሁለት እጆች ፊቷ ላይ ድቅን እያሉ አላስተኛ አሏት። ነገ ሄጄ እጠይቃታለሁ አለች። ነገው ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ፤ ሰፈር ሁሉ ያጨበጨበላት ሴት በሰው ደጃፍ ቆማ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ማለት ሞቷ ነው። ቆይታ ስትሰማ ወፊት ወንድሟ ወዳለበት ከተማ ጓዟን ጠቅልላ ሄዳለች። አፈረች፤ እፎይም አለች፤ እፎይ በማለቷ ደግሞ ይብሱን አፈረች።

ወራት አልፈው አንዱ ሽማግሌ መጡ። መዘምራኑን ያቋቋሙት አሮጊት፣ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል ሲባሉ የኖሩት፣ ለካ እዚሁ ኖሯል ያረፉት። «መገነዣቸውን አንቺ ስፊላቸው፣ ልጄ» አሏት። ተከተለቻቸው። አስፋልቱን ተሻገሩ፤ ቤቲንግ ቤቱን ዞሩ፤ በጓሮ በሩ ገቡ። ከውስጥ አንዲት ጠባብ የብረት ደረጃ ወደ ላይ ትወጣለች።

ክፍሏ ንጹሕ ነበረች። አስከሬኑ አጠገብ ጎረቤት ሴትዮ ተቀምጠዋል።

«ማን ነበር የሚያስታምማቸው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ መልሱን የጓሮ በሩን የረገጡት እግሮቿ ቀድመው አውቀውታል።

«አንዲት ዘማሪ ነበረች። ማታ ማታ ሾርባ በፌስታል ይዛ ትመጣለች፤ ገላቸውን ታጥባቸዋለች። እሷ ከሄደች ወዲህ እኔ ልሞክር አልኩ፤ እንደሷ አልሆነልኝም።»

«ታዲያ ለጸሎት ቤቱ ምነው ሳትናገር ቀረች?»

«አስምለዋት ነዋ። እሳቸው ከገቡ በኋላ ከታች ቁማር ተከፈተ፤ እናንተም እዚያ ማዶ በማይክ ስትራገሙ ይሰሙ ነበር። ቁማር ቤት ላይ መኖሬ ከተሰማ ማንም ደጄን አይረግጥም ብለው ፈሩ።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ዘረጋች። ከትከሻ እስከ እግር ለካች። ቁጥሩን ረሳችው፤ ደግማ ለካች።

ሴትዮዋ የአሮጊቷን እጅ እያስተካከሉ ቀጠሉ። «ኋላ ላይ ግን ልጅቱ ለምናቸው ለምናቸው፣ መሐላውን ፈቱላት። ‹ልምምድ ላይ ለመዘምራኑ ንገሪያቸው፤ ተራ ገብተው ይጠይቁኝ› አሏት። ቀሚስ የሚለካበት ቅዳሜ ዕለት ደስ ብሏት ስትሄድ ደረጃው ላይ አግኝቻታለሁ።»

«ማታ ስትመለስ ግን» አሉ ሴትዮዋ፣ «‹ዛሬ አልተመቸኝም› አለቻቸው።»