ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ

1

«ሠራተኛው ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ሦስት ቅርንጫፎች አንዱን ብቻ በመምረጥ ይፈርማል። በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ያልፈረመ ሠራተኛ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል።»

በገዛ ፈቃዱ።

ባሌ ደምሰው ይህን ወረቀት በሸሚዝ ኪሱ አጣጥፎ ይዞ የመጣው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እጥፋቱን በመዳፉ ደጋግሞ ተጫነው።

«የአቃቂው ፋብሪካ ሊዘጋ ነው» አለኝ። «ማሽኖቹን ነቅለው ይወስዳሉ። እኛንም አብረው።»

2

ማን ማን እንደሆንን ልንገራችሁና ልቀጥል።

ደምሰው፦ አርባ አራት ዓመቱ ነው። የሽመና ማሽን ይጠግናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። ማሽን ሲበላሽ ሳይፈታው፣ በድምፁ ብቻ የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃል ይሉታል።

ትርሲት፦ ልጃችን ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ። በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ዳነች፤ ጆሮዋ ግን በዚያው ቀረ።

እኔ፦ ስንዱ። ይህን የምጽፈው ትርሲት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ከዘበኛው አጠገብ ባለው አግዳሚ ተቀምጬ ነው። ደወል ሲደወል አቆማለሁ። የተቆራረጠው ለዚህ ነው እንጂ ልራቀቅ ብዬ አይደለም።

3

ሰው ልጄን «ዲዳ» ይላታል። አይደለችም። በእጇ የምታወራውን ብትሰሙ ዝም በይ ትሏት ነበር።

ስድስት ዓመቷ ላይ መምህር ገዛኸኝ ክፍል ስትገባ ግን ምንም ቃል አልነበራትም። ስትፈልግ ትጎትተናለች፣ ስትናደድ ትነክሰናለች። መምህር ገዛኸኝ ራሳቸውም አይሰሙም። ልጆቹን ከዜሮ ተነስተው በምልክት ቋንቋ ያስተምሯቸዋል። በስድስተኛው ወር ወደ ቤት ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ «ዛሬ ዝናቡ አስጠላኝ» አለችኝ። እዚያው ሰው መሀል አለቀስኩ። ለካ ልጄ ስለ ዝናብ የምትለው ነበራት።

እኔ ቋንቋዋን ለመማር ሁለት ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ደምሰው አልተማረም። «አንቺ ካወቅሽ ይበቃል» ይላል። እሱ የሚያውቃቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

ብይ።

ተኚ።

ተይ።

ጎበዝ።

4

የከተሞቹን ስም አልጽፍም። ሰዎቻቸው ምንም አልበደሉኝም።

ቆላው ከተማ፦ ትልቅ አዲስ ፋብሪካ አለው፤ ሙቀቱ ጣራ ያቀልጣል ይባላል።

ደጋው ከተማ፦ ከሦስቱ ሩቁ እሱ ነው። የደምሰው ጓደኞች ብዙዎቹ ወደዚያ ሊሄዱ ነው።

የሐይቁ ከተማ፦ ቅርንጫፉ ትንሽ ነው፤ አሥራ ምናምን ማሽን ብቻ።

«ለኔ ሁሉም ያው ነው» አለ ደምሰው። «ለልጅቷ የሚሆነውን አጣሪና ወደዚያ እንሄዳለን።»

ያለው እንዲህ ነው። ቃል በቃል ጽፌዋለሁ።

5

ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ስልክ ስደውል ዋልኩ።

(ቆላው ከተማ)

— መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል አላችሁ?

— ምን ለተሳናቸው?

— መስማት።

— ይቅርታ፣ አይሰማም።

— መስማት!

— እሱን እንኳ ጤና ጣቢያ ጠይቂ እህቴ። እዚህ ትምህርት ቤት ነው።

(ደጋው ከተማ)

— ፊት ወንበር እናስቀምጣታለን።

— ፊት ተቀምጣ ምን ታደርጋለች?

— ሰሌዳው በደንብ ይታያታል።

(የሐይቁ ከተማ)

— አለን። ዘጠኝ ልጆች ናቸው። ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ናት?

— አራተኛ።

— እሰይ! አራተኛ ክፍል ሁለት ሴቶች አሉን፣ ሦስት ይሆናሉ።

ትርሲትን ጠርቼ ነገርኳት።

«ሁለት ሴቶች?» አለችኝ በእጇ። «ክፉ ናቸው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

ትንሽ አሰበች። «አንዷ ክፉ ብትሆን እንኳ አንዷ ትተርፈኛለች።»

ማታ ለደምሰው ሁሉንም ዘረዘርኩለት። ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ።

6

እሑድ ምሳ ላይ ነው የወሰንነው። ሐሳቡ የኔ ነበር፦ ሦስታችንም ማንም ማንንም ሳያይ የምንፈልገውን ከተማ እንጽፋለን። ትርሲት ከደብተሯ መሀል ወረቀት ቀድዳ አደለችን። ስትጽፍ በክንዷ ከለለች።

ወረቀቶቹን ገለጥናቸው።

ሐይቅ።

ሐይቅ።

ሐይቅ።

የትርሲት ወረቀት ላይ እግር ያለው ዓሣ ተስሎበታል። ደምሰው ከት ብሎ ሳቀና በአገጩ ፀጉሯን አሻሸ። «ጎበዝ» አላት፣ በምልክት።

በማግስቱ ትርሲት ለክፍሏ ልጆች ተናገረች። መምህር ገዛኸኝ ለሐይቁ ከተማ መምህርት ደብዳቤ ጽፈው ሰጧት። ምን ምን እንደምትችል፣ ሒሳብ ላይ እንደምትቸኩል፣ ስትሰለች መስኮት መስኮት እንደምታይ የሚናገር ሁለት ገጽ ነው። ወረቀቱ እንዳይጨማደድ የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላቷ ውስጥ አስቀመጠችው።

7

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ፋብሪካ ሄድኩ። የዕቃ መጫኛ መኪና ተራ እንደሚያዝለት ሰምቼ ነበር። ወይዘሮ አመለወርቅ የሰው ኃይል ጸሐፊዋ ናቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ዝርዝሩን ገለጡ።

«የሐይቁ መኪና መቼ ነው የሚነሳው?» አልኳቸው።

«ለማን ነው?»

«ለደምሰው። የጥገናው።»

በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ። ተመልሰው ወጡ።

«ደምሰው እኮ የሞላው ቆላ ነው፣ የኔ እህት።»

«ተሳስተው ይሆናል። እሑድ ነው የወሰንነው።»

ፋይሉን ወደኔ አዞሩት። ፊርማው የሱ ነው፤ ያቺን የመጨረሻ ጭራ አውቃታለሁ። ቀኑ ረቡዕ ይላል። ከእሑዱ በፊት ያለው ረቡዕ። ወረቀቱን ይዞልኝ በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ስልክ ይዤ «መስማት! መስማት!» እያልኩ ስጮህ። ከሥሩ ደግሞ፦ «የሚመደብበት፦ የጥገና ክፍል ኃላፊ።»

«ሹመት አግኝቷል» አሉኝ ወይዘሮ አመለወርቅ። «አልነገረሽም?»

«መለወጥ ይቻላል?»

«ራሱ መጥቶ ከፈረመ ይቻላል። ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩ ከኔ እጅ ይወጣል።»

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተቀመጪ እስቲ» አሉኝ። «ፊትሽ ልክ አይደለም።»

6 (እንደገና)

እሑድ ምሳ ላይ ሦስታችንም ወረቀት ይዘን ነበር። ሁለታችን አስበን ጻፍን።

አንዱ ቀና እንኳ ሳይል ጻፈ። ቸኩሎ ጨረሰ። ከዚያ ሳቀ።

8

ደምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈረቃ ገባ።

እኔ፦ ረቡዕ ፈርመሃል።

ደምሰው፦ ማን ነገረሽ?

እኔ፦ እሑድ ታዲያ ለምን ሐይቅ ብለህ ጻፍክ?

ደምሰው፦ ልጅቷን ደስ ይበላት ብዬ ነዋ። ቀስ ብዬ ልነግራችሁ ነበር።

እኔ፦ እዚያ ለሷ ክፍል የለም። ቁጭ ብለህ ሰምተኸኛል።

ደምሰው፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ስንዱ! ማሽኑን ያስተማርኳቸው ልጆች አለቃ ሆነው ሲያዙኝ ኖሬያለሁ። ሐይቁ ጋ ብሄድ ያው መፍቻ ተሸካሚ ነኝ። አንድ ጊዜ ለራሴ ባስብ ኃጢአት ነው?

እኔ፦ አይደለም።

(እውነቴን ነው። አይደለም። ያንን ብቻ ብሎ ቢያቆም ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።)

ደምሰው፦ እሷ እንደሆን የትም ብትሄድ አትሰማ።

ትርሲት በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሁለታችንን ፊት አየች።

«ምን አለ?» አለችኝ በእጇ።

«ሥራ አድክሞኛል አለ» አልኳት።

9

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

እሱ ሲል፦ «ይቺ ልጅ ምን ያስጮሃታል? ሰው እየሰማ!»

እኔ ለሷ፦ «አባዬ እንቅልፉ መጥቷል።»

እሷ ስትል፦ «አባዬ ሲያወራኝ ለምን ሌላ ቦታ ያያል?»

እኔ ለሱ፦ «ናፍቀኸኛል እያለችህ ነው።»

አምስት ዓመት እንዲህ ተረጎምኩ። ሁለቱም የሚዋደዱት እኔ የፈጠርኳቸውን ሰዎች ነው። ደምሰው ቋንቋዋን ሳይማር የቀረው ሰንፎ ብቻ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። በኔ በኩል የሚመጣለት ሁሉ ጣፋጭ ነበር፤ ለምን ይማራል?

ይህን ስጽፍ ዘበኛው «ምነው፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። አቧራ ነው አልኩት።

10

አርብ።

ጠዋት ሲወጣ በር ድረስ ሸኘሁት። «እኛ ቆላ አንሄድም» አልኩት። «ፊርማህን ከለወጥክ ሦስታችን ወደ ሐይቁ እንሄዳለን። ካልለወጥክ ብቻህን ነህ።»

«አየዋለሁ» አለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ብርቱካን ገዝቶ አያውቅም። አልጠየቅኩትም።

ለትርሲት የነገርኳት እኔ ነኝ። ወደ ሐይቁ እንደማንሄድ፣ አባቷ ሌላ ከተማ እንደፈረመ፣ የፈረመውም ከእሑዱ በፊት እንደሆነ። ይህኛውን ሳልቀንስ ነገርኳት። አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

አላለቀሰችም። ሰኞ የመምህሩን ደብዳቤ ከመዝገበ ቃላቷ አውጥታ ክፍል ይዛ ሄደች። መልሳ ሰጠቻቸው። መምህር ገዛኸኝ ምን ሆነሽ ቢሏት «ያቺ መምህርት ሌላ ልጅ እየጠበቀች ነው» አለቻቸው።

11

የምንኖረው በፋብሪካው ግቢ ቤት ነበር። ሠራተኛው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፤ አንድ ወር ሰጡን። ወደ ሐይቁ ብቻችንን እንዳንሄድ እዚያ የማውቀው ሰውም ሥራም የለኝም። ከሦስቱ ከተሞች አራተኛውን መረጥን። መቅረትን።

አሁን ከትምህርት ቤቷ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተናል። ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱን ክፍሎች አጸዳለሁ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሲጣሉ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። ትርሲት ተኝታ ሳያት አንዳንዴ እቀናባታለሁ።

ደምሰው የሄደ ቀን መኪናው ላይ የጫነው አልጋውን፣ የመሣሪያ ሳጥኑንና አንድ ሻንጣ ነው። ትርሲትን አቀፋት። ከዚያ እጁን አንስቶ ምልክት ሊያሳያት ፈለገ። ከሚያውቃቸው አራቱ ውስጥ ለዚያ ቀን የሚሆን አላገኘም መሰለኝ። እጁን አወረደ።

12

ይህ የትናንትናው ነው፤ ዛሬ እሑድ ስለሆነ የምጽፈው ቤት ሆኜ ነው። ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ላይ።

ከሄደ ሰባት ወሩ ነው። በየሳምንቱ በቪዲዮ ይደውላል። ትርሲት ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፋ ፊቱን ታያለች፣ እኔ መሀል እቀመጣለሁ። ትናንት ከስቶ ነበር። ስልኩን እያዞረ ቤቱን አሳየን፤ ሁለት ክፍል፣ ጓሮው ውስጥ የፓፓያ ዛፍ።

«ይኸው» አለ። «ለኔ ብቻዬን ሰፋኝ። ከሥራ ስወጣ የማወራው ሰው የለኝም። ኑ። የትምህርቱን ነገር እዚያው ሆነን እናስብበታለን። ጠይቂያት እስቲ፣ እሷን ጠይቂልኝ። እሷ እሺ ካለች ሰኞ መኪና እልካለሁ።»

ጠየቅኳት። ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ። ብቻውን መሆኑንም፣ ፓፓያውንም፣ የትምህርቱ ነገር ገና እንደሚታሰብበትም።

ትርሲት የአባቷን ፊት ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወደኔ ዞራ እጆቿን አነሳች።

«አልፈልግም» አለች። «ግን እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትዪው። እናቴ ናት እምቢ ያለችው በይው። እኔ ካልኩ መደወል ይተዋል።»

ደምሰው ከስልኩ ውስጥ ጠጋ አለ። ፊቱ ስክሪኑን ሞላው።

«ምን አለች?»

እኔ፦