ሙቀጫ ያልተሰማበት ቡና

ወንድሜ ኢስሃቅ በተገደለ በሰባተኛው ቀን እናቴ መሪማ ዱዓ እንዲደረግለት ፈለገች። ቀበሌው ግን እንደ እሱ ፀረ አብዮት ተብለው ለተገደሉ ሰዎች ሐዘን መቀመጥ ከልክሏል። እኛ ሰፈር ሙቀጫ ከተሰማ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። ስለዚህ ቡናው ሳይወቀጥ በኢስሃቅ ማፍያ እንዲፈላ፣ ሰውም አንድ ባንድ መጥቶ አንድ ሲኒ ጠጥቶ፣ በለሆሳስ ዱዓ አድርጎ እንዲወጣ ወሰንኩ።

ማፍያው ኢስሃቅ ደሴ ኬክ ቤት ሲሠራ የገዛው የጣሊያን አሉሚኒየም ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ቡናም በጣሳ ትቷል። እኔ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ሲያፈላ አይቼ ይዤዋለሁ። በታችኛው ክፍሉ የሚሞላው ውሃ ከመተንፈሻው ቀዳዳ አያልፍም። ቡናው በመሃለኛው ወንፊት ይሞላል እንጂ አይጠቀጠቅም። ፍሙ ለስለስ ይላል። መንጣጣት ሲጀምር ወዲያው ይወርዳል፤ ከዘገየ ያርራል። ሦስት ትንንሽ ሲኒ ወጣው፤ ከላዩ ስስ አረፋ ነበረው።

መጀመሪያ የመጡት አጥር የምንጋራቸው ጋሽ ፈንታሁን ናቸው። ጠጡ፤ በራሳቸው ጸሎት ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ ባዶ ሲኒያቸውን እንደያዙ ተቀመጡ። ይህ ቡና ቶናም በረካም እንደሌለው ቀድሜ አልነገርኳቸውም። ቀስ ብዬ ብነግራቸው ተቀየሙ።

«መሪማን ያለ በረካ ትቼ ልውጣ?»

ሌላዋ ጎረቤታችን ኑርሀያት በተራዋ መጣች። እሷም ጠጥታ ተቀመጠች። ሦስተኛው ሲኒ እናቴ ፊት ነበር፤ አልነካችውም።

የቀበሌው ጥበቃ አምሳሉ ጠመንጃውን እንዳነገተ የገባው ያኔ ነው። ከኢስሃቅ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ምን እንደምንሠራ ጠየቀ። ቡና እየጠጣን ነው አልኩ። ዙሪያውን ቃኘ፤ ጀበና የለም፣ ሙቀጫ የለም። ማፍያውን አነሳና አገላብጦ አየው። የማን እንደሆነ ያውቃል። እናቴ ሲኒዋን ዘረጋችለት። ቆሞ ጠጣው።

«እትዬ መሪማ፣ ጨው ረስታችኋል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጠሃ፣ ሙቀጫችሁ ከተሰማ ሰባት ቀኑ ነው። ቀበሌ ሐዘን ተቀምጠዋል ብሎ የጻፈባችሁ በዚህ ነው። እንደ ሰው ውቀጡ።»

እንግዶቹን አንድ ባንድ አስወጣቸው።

በማግስቱ ሙቀጫውን ደጃፉ ላይ ተከልኩ። የኢስሃቅ ጣሳ ባዶ ነበር፤ በቡናው ፋንታ ሙቀጫው ውስጥ ድንጋይ ጨው ጨመርኩ። ገና ስጀምር እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ አለቀሰች። ኢስሃቅ ከተገደለ ወዲህ ድምፅዋ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ልቅሶዋ ሲጎላ አጥብቄ መታሁ፤ ሲቀንስ ቀነስኩ። ጋሽ ፈንታሁን መጡ፣ ኑርሀያት መጣች፣ ሌሎችም መጡ። መጋረጃውን እየገለጡ ወደ እናቴ ገቡ። የዱዓው ድምፅ ከውቀጣው ሥር ይሰማኝ ነበር። ቡናው የታለ ያለ የለም።

ጨው ቶሎ ይደቃል። ዱቄት ከሆነም በኋላ መውቀጤን አላቆምኩም።