ረጋ ተባለ

በዚያው እጁ ደግሞ ዳቦ ቆርሶ ይሰጠኛል፣ እንዴት ብዬ ልዋጠው፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ከእኔ የቆሻሻ ማፈሻ የወጣ ነው፣ ብይ እንጂ ምን ታፈጫለሽ ይለኛል ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ እዚህ ላቦራቶሪ ያስቀጠረኝም እሱ፣ የዶክተሯን መፈተሻ ማሽን የሚያቀዘቅዘው እሱ፣ ወለሉን የምጠርገው እኔ።

ዶክተሯ ከመስታወቱ ወዲያ ስልክ ይዛ ትስቃለች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ረጋ፣ ትላለች፣ በመጨረሻ ረጋ።

ድንጋዩን ነው። ምድጃ ውስጥ አራት ወር ያሳደገችው፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ክሪስታል። አንዴ መወልወያዬን አስቀምጣ አስረድታኛለች፣ ውስጡ ዓይን የማያያቸው ማግኔቶች አሉ፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ማዕዘን ጥግ በጥጉ የተቀመጡ፣ አንዱ ወደ ላይ ካየ ጎረቤቱ ወደ ታች ማየት አለበት፣ ሦስተኛውስ? ወደ ላይ ቢያይ ከአንዱ ይጣላል፣ ወደ ታች ቢያይ ከሌላው። ስለዚህ የፈለገ ብርድ ቢያንሰፈስፈው አይረጋም ይባላል፣ አለች፣ ግን ይረጋ እንደሆነ ለማየት ስድስት ዓመቴ።

እኔስ? ብናገር ከአክስቴ እጣላለሁ፣ ዝም ብል ዶክተሯን እከዳለሁ። አክስቴማ ትናንት ሹክ ስላት የበላሽበትን ወጪት አትስበሪ አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ሰኞ ዕለት ነው፣ ጋሼን ክሪስታሉ ከመቆንጠጫው አመለጠው፣ አይቻለሁ፣ ጥረጊ አለኝ፣ ጠረግኩ፣ ማፈሻውን በጣቱ በረበረው፣ ፀጉር፣ ፍርፋሪ፣ የጫማ ጭቃ፣ ከዚያ መሀል አንዲት ጥቁር ነገር። ጋሼ፣ የወንበሩ እግር ዝገት እኮ ነው የሚመስለው አልኩት፣ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። መቼ ነው ደግሞ ሳይንቲስት የሆንሽው፣ አርፈሽ ጥረጊ። ጣቱን ልሶ አነሳት። ልሶ። ማሽኑ ውስጥ ከተታት።

የረጋው ዝገቱ ነው፣ ነገ ውጤቴ ብላ ለዓለም ሁሉ ልትልከው ነው። በስሟ። ዝገት፣ በምራቅ የተነሳ፣ በስሟ።

በሩን ገፋሁት እንዴ፣ ገፍቼዋለሁ፣ እጄ ነው፣ ዶክተር፣ አትሰማኝም፣ ዶክተር።

"ማሽኑ ውስጥ ያለው ከማፈሻዬ የወጣ ነው፣ የእርስዎ ወድቋል።"

ስልኩ ከጆሮዋ ይወርዳል። አሁን ትጮህብኛለች፣ ትጩህ። አትጮህም፣ ሳቋ ብቻ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ይጠፋል፣ እኔ ያጠፋሁት ይመስል ያመኛል።

"የእኔውስ የት ነው የወደቀው?"

ካቢኔው ስር ይመስለኛል፣ እላለሁ፣ መጥረጊያው አይደርስም። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ትንበረከካለች፣ እኔም አጠገቧ፣ በስልኳ ታበራለች፣ አቧራ፣ የሞተ በረሮ፣ የብዕር ክዳን፣ የጋሼ ጫማ በሩ ላይ መጥቶ ይቆማል፣ አንቺ ልጅ፣ ይላል፣ አንቺን እኮ ነው፣ ቀና አልልም፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ እሰዳለሁ፣ ወደ ግራ ያብሩልኝ ዶክተር፣ ትንሽ ወደ ግራ