ጠፍጣፎቹ ማይኮች

«ዳኒ ሰባት ዓመት ያቃተውን እኔ በአንድ ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ፤ ያዩኛል» አለች ሚካኤላ ለወይዘሮ እታገኝ፣ የአዳራሹን ሳውንድ፣ ማይኩንና ድምፅ ማጉያውን፣ የሚይዘው ዳንኤል እዚያው አጠገቧ ቆሞ እየሰማ።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ አፏ ግን ከልጅነቷም ያለ ፈቃድ ነው የሚነዳው። ከምትኖርበት ከሎረንስቪል አዳራሹ እስካለበት እስከ ዲኬተር የአባቷን መኪና ነድታ የመጣችው ሁለት ጠፍጣፋ ጥቁር ማይኮች ይዛ ነው። የትምህርት ቤቷ የድራማ መምህር ናቸው ያዋሷት። መዳፍ የሚያህሉ ናቸው፤ የሚይዛቸው ሰው አያስፈልግም። ጠረጴዛ ላይ ሲተኙ የጠረጴዛውን ዙሪያ ሁሉ ይሰማሉ።

የዕለቱ ጉዳይ የሐበሻ ኮሙኒቲው ዓመታዊ ስብሰባ ነው። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ እታገኝ «ዛሬ ከተሳካልሽ የእንቁጣጣሹን ዝግጅት ሳውንድ ላንቺ ስለመስጠት እናስባለን» ብለዋታል። አምና በእንቁጣጣሽ በር ላይ ቆማ ስትቀድ የዋለችው ትኬት ነበር።

ማይኮቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አስተኛች። እንዳይጮህባትም ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ ኋላ ወንበሮች ወሰደቻቸው። ከጠረጴዛው ዳር ሆና «አንድ፣ ሁለት» ብላ ብታንሾካሹክ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ።

«ሰው ሲገባ እናያለን» አለ ዳንኤል።

ሰው ገባ። ሽማግሌዎቹና ኮሚቴው ጠረጴዛውን ከበቡ፣ ሌላው ከኋላ ተቀመጠ። መጀመሪያ ዕድል የተሰጣቸው አቶ ገብረሕይወት ነበሩ። ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ማይኩስ?»

«አያስፈልግም ጋሼ። ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዝም ብለው ይናገሩ» አለች ሚካኤላ።

«በባዶ እጄ?»

ጎንበስ ብለው አንዱን ማይክ አነሡትና በሁለት እጃቸው አፋቸው ላይ ደገኑት። ድምፃቸው ከቆርቆሮ ውስጥ የሚመጣ መሰለ። ማይኩ ከጠረጴዛ ሲነሣ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ሚካኤላ ሮጣ ተቀበለቻቸውና ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጣበቀችው።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ድሮ ማይኩ በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ሌላው ተራውን ይጠብቅ ነበር። አሁን ማንም እጅ ላይ የለም፤ ስለዚህ ተራው የሁሉም ሆነ። አራት ሰው ባንድ ላይ ተናገረ፣ ማይኮቹም የአራቱንም ለቅመው አወጡ። የሻይ ማንኪያ ሲያማስል ተሰማ። «እኚህ ሰውዬ ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል» የሚል ሹክሹክታም እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። ሰው ሳቀ። አቶ ገብረሕይወት ተቀመጡ።

«ገበያ ነው እንዴ የጠራችሁኝ?» አሉ። ይኸም በማይኩ ተሰማ።

ወይዘሮ እታገኝ ዘወር ብለው ሚካኤላን አዩዋት። እሷ ማጥፊያውን ይዛ የቱን እንደምታጠፋ ግራ ገብቷታል። ሁለቱም ማይኮች ደህና ናቸው፤ ያስቸገራትም ይኸው ነው።

«ዳንኤል፣ የድሮው ማይክ የት አለ?» አሉ ወይዘሮ እታገኝ።

«ገመዱ ተበጥሷል፤ አይሠራም።»

«አምጣው።»

ዳንኤል ሲያመጣው ተቀብለው ለአቶ ገብረሕይወት ሰጧቸው። ሽማግሌው ተነሡ፣ ማይኩን ሁለት ጊዜ እፍ አሉበት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተኛው ማይክ ድምፃቸውን ጥርት አድርጎ አወጣው። ሲጨርሱ የተበጠሰውን ለጎረቤታቸው አቀበሉ፣ ጎረቤታቸውም ለሚቀጥለው። ስብሰባው በሰዓቱ አለቀ።

አቶ ገብረሕይወት ሲወጡ የዳንኤልን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «አሠርተኸዋል መሰለኝ፣ ዛሬ ድምፁ ግሩም ነው።»

ዳንኤል «አመሰግናለሁ» አለ።

ሚካኤላ ፕላስተሯን እየላጠች ወደ ወይዘሮ እታገኝ ተጠጋች።

«እትዬ፣ የተሰማው እኮ በእኔ ማይክ ነው። እና የእንቁጣጣሹ ሳውንድ የኔ ነው፣ አይደል?»

ወይዘሮ እታገኝ ወረቀታቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሳውንዱ የዳንኤል ነው። አንቺ ያንን የማይሠራውን ይዘሽ ከሰው ሰው ታዞሪያለሽ።»