በቀይዋ መኪና የመጡ ሽማግሌዎች

አቻምየለሽ ከፍኖተ ሰላም ወጥታ ማርሹን ወደ አራተኛ ልታሳልፍ ስትል፣ አስፋልቱ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት የሚተፋ ሚኒባስ አየችና እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች። ሚኒባሱ አጠገብ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንደኛው ለእርዳታ እጃቸውን አነሱ፤ መኪናዋ ቀይ መሆኗን ሲያዩ ግን መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ጋሽ ገብረሰንበትና መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው፤ ከጅጋ ተነስተው ማንኩሳ አባቷ ቤት የሚሄዱት እሷኑ ለወንዳወቅ ሊጠይቁ ነው። አባቷም "ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይመጣልና ብቅ በይ" ብለው በስልክ የጠሯት ለዚሁ ነበር።

ወንዳወቅ ጅጋ ላይ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት ዝግ ያለ ሰው ነው። አቻምየለሽ ትወደዋለች፤ ይህን ማድበስበስ አያስፈልግም። የሚያስጨንቃት ታላቅ እህቱ አስካለ ማርያም ናት። "መኪናዋን ሳትሸጥ ቤታችን አትገባም" ብላ በየገበያው ስታወራ ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ደርሷታል። እሱ ራሱ ምን እንዳለ ግን የነገራት የለም።

መኪናዋስ ምን አደረገች? አቻምየለሽ ለዓመታት የቡሬን በርበሬ አዲስ አበባ ስታመላልስ የኖረችው የሰው አይሱዙ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ እያስነጠሰችና እያነባች ነው። እግዜር ሲረዳት አይሱዙ ልትገዛ ሄደች። መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ግን ይቺን ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቶዮታ ሴሊካ አየች፤ አይሱዙው ቀረ። ቡሬ ይዛት የገባች ዕለት ገበያው ሥራ ፈትቶ ዋለ። በርበሬውን ዛሬም በኪራይ አይሱዙ ትጭናለች። "ታዲያ ይቺ ምን ትሠራልሻለች?" የሚሏትን ሁሉ "ደስ ትለኛለች" ትላቸዋለች። ከዚህ ሌላ መልስ የላትም፤ አልፈለገችም።

መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

"እንደምን አረፈዳችሁ አባቶቼ? ወዴት ናችሁ?"

"ለጉዳይ ነበር..." አሉ ጋሽ ገብረሰንበት፣ ማዶ የበቆሎውን ማሳ እያዩ። "ወደ ማንኩሳ ግድም።"

"እኔም ወደዚያው ነኝ። ግቡ።"

ሁለቱ ፈንጠር ብለው ተመካከሩ። ሽማግሌ በምትጠየቀዋ ልጅ መኪና መምጣቱ በአገሩ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። የተቀጠረበትን ሰዓት ማሳለፍም የልጅቱን አባት መናቅ ነው። በመጨረሻ መሪጌታ "ግድ ሆነብን" ብለው ፈረዱ። እሷም የፊቱን ወንበር አጥፋ መሪጌታን ከኋላ አስገባቻቸው። ሰውየው ረጅም ናቸው፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ። መቋሚያቸው አልገባ ብሎ በጋሽ ገብረሰንበት መስኮት አንገቱን አወጣ።

ከፊት የተቀመጡት ጋሽ ገብረሰንበት መጀመሪያ የበሩን እጀታ ሙጥኝ ብለው ያዙ። ጥቂት እንደሄዱ ለቀቁት። ከዚያ ወደ መሪው፣ ወደ ማርሹ፣ ወደ እጇ ማየት ጀመሩ።

"ጉልበቷ ይኸው ነው?"

"ኧረ ይኼ ሶምሶማዋ ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያስ እስቲ... ሰው በሌለበት... ትንሽ ጨመር አድርጊላት።"

ፊት ለፊት መንገዱ ጭር ብሎ ተዘርግቷል። አቻምየለሽ ነዳጁን ረገጠች። መኪናዋ ከሥራቸው ጎረምሳ ድምፅ አውጥታ ተፈተለከች፤ የጋሽ ገብረሰንበት ጀርባ ከወንበሩ ተጣበቀ።

"በስመ አብ!" አሉ መሪጌታ ከኋላ።

"የአባቴን ሰጋር በቅሎ በወጣትነቴ ስጋልብ እንዲህ ነበር!" ጋሽ ገብረሰንበት ከልባቸው ይስቃሉ። አቻምየለሽም አብራቸው ሳቀች፤ በዚያች ቅጽበት የሽማግሌዎቹ ጉዳይ ሁሉ ከራሷ ጠፍቶ ነበር።

ማንኩሳ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ አውርዳ በጓሮ ዞረች። እናቷ እህተ ማርያም ጓዳ ነበሩ።

"ጆሮሽን ከመጋረጃው አንሽ፣ ነውር ነው" አሏት፤ እሳቸውም ግን አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ ሳይፈቀድለት አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። ሁለቱ ሳሎኑ መሃል ቀጥ ብለው ቆመዋል።

"ተቀመጡ እንጅ" አሉ አባቷ አቶ ንብረት።

"ጉዳያችንን ሳናቀርብ አንቀመጥም።"

"ምነው? ልጄ መንገዱን ሙሉ አስቀምጣ አምጥታችሁ የለም እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ገብረሰንበት ሳያስቡት አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። መሪጌታ ብቻ እንደቆሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ልጅቱን ለወንዳወቅ ጠየቁና ቀጠሉ።

"ከወንድ ወገን ደግሞ አንድ አደራ አለብን። ያቺን መኪና ሸጣ ለትዳር የሚሆን ነገር ትግዛ ተብሏል።"

ሳቁ ቆመ።

"ልጁ ነው እንዲህ ያለ?" አሉ አቶ ንብረት።

ጋሽ ገብረሰንበት ከመሪጌታ ቀድመው መለሱ። "እውነቱን ለመናገር እህቱ ናት። እሱ ዝም ነው ያለው።"

አቻምየለሽን ከእህትየው ቃል ይልቅ የሱ ዝምታ አመማት። ሽጪ ቢላት ትከራከረው ነበር፤ አትሽጪ ቢላት ደግሞ ዛሬውኑ እሽ ትል ነበር። ዝም ያለን ሰው ምን ታድርገው?

አባቷ እንደ ደንቡ "ልጅቱን እንጠይቃለን፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ኑ" ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

እናቷ ክንዷን ያዙ። "ትሸጫታለሽ?"

አቻምየለሽ ቁልፏን አንስታ ወጣች። ሚኒባሱ አልመጣም። ሽማግሌዎቹ አስፋልቱ ዳር ቆመው፣ አሁን መኪናዋን ቀና ብለው ማየት አፍረዋል። በሩን ከፈተችና የፊቱን ወንበር አጠፈች።

"ለቀጠሮው ሚኒባስ እንዳትከራዩ" አለች። "ጅጋ ድረስ መጥቼ እኔው አመጣችኋለሁ።"

"በምን?" አሉ መሪጌታ።

"በዚችው።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ማዶ ማዶ አዩ። ጋሽ ገብረሰንበት ግን ፊቷን ትክ ብለው አዩ።

"ለወንዳወቅ እንዲሁ ብለን እንንገረው?"

"እንዲሁ ንገሩት።" ቁልፉን ጨበጥ አደረገችው። "ለሱም ከኋላ አንድ ቦታ አለ በሉት።"

ጋሽ ገብረሰንበት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "በሉ የኔታ፣ ይግቡ" አሉና መሪጌታን ከኋላ አስገቡ። ከዚያ ጋቢና ተቀምጠው፣ ማንም ሳያሳያቸው፣ ቀበቶውን ስበው አሰሩ።